የቤት ቆሻሻን ለማጥናት ቆሼ አይኬድም፤ መጠይቅም አይበቃም

አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የላከችው ጥያቄ ባጭሩ ይህን ይላል፦ «በአራዳ ክፍለ ከተማ የቤት ውስጥ ደረቅ ቆሻሻ ስብጥርና አያያዝ ላይ ጥናት ልጀምር ነው። በቀመር ሳሰላ 384 ቤት ወጣልኝ። እያንዳንዱ ቤት በቀን ስንት ኪሎ ቆሻሻ እንደሚያወጣ የሚጠይቅ መጠይቅ አዘጋጅቻለሁ። ለስብጥሩ ደግሞ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ሄጄ ከአንድ መኪና ላይ ናሙና ወስጄ፣ ክምሩን አራት ቦታ እየከፈልኩ ለመለየት አስቤያለሁ። ያነበብኳቸው ጽሑፎች የሚሰጡት ቁጥር ስለማይመሳሰል ግራ ገብቶኛል። አካሄዴ ትክክል ነው? መጨረሻ ላይስ ኮምፖስት ይሻላል ወይስ ማቃጠል ብዬ መደምደም እችላለሁ?»

አካሄድሽ እንዳለ አይሆንም። መጠይቁም፣ ቆሼም፣ 384ም እያንዳንዳቸው የሚመልሱት ጥያቄ አላቸው። ያንቺን ጥያቄ ግን አይመልሱም። ቤቶቹን ቀንሺ፣ ቀኑን አብዢ፣ ሚዛን ይዘሽ በር ላይ ቁሚ። ምክንያቱን አንድ በአንድ ላስረዳሽ።

ከ384 እንጀምር። ይህ ቁጥር በየመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ስለማይጠፋ ሕግ ይመስላል። የሚመጣው ግን ከአንድ የተለየ ጥያቄ ነው። መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ሲሆን፣ ለምሳሌ «ቆሻሻ ለይተው ያስቀምጣሉ ወይ?» ሲባል፣ የመቶኛውን ስህተት በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከ5 በመቶ በታች ለማድረግ የሚያስፈልገው የሰው ብዛት ነው። ክብደት እንዲህ አይሰላም። ለክብደት የሚያስፈልግሽ በቤትና በቤት መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ነው የሚለው ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ከአስር እስከ አስራ አምስት ቤት ለሁለት ሦስት ቀን ለሙከራ መዝኚ። የክብደቱን ስታንዳርድ ዲቪዬሽን፣ ማለትም ቤቶቹ ከአማካዩ የሚራራቁበትን ልክ፣ ለአማካዩ አካፍዪ። ያንን በ1.96 አባዢ፣ ልትቀበዪው ለምትችዪው ስህተት አካፍዪ፣ ከዚያ ውጤቱን በራሱ አባዢ። ልዩነቱ የአማካዩን ግማሽ ያህል ከሆነና 10 በመቶ ስህተት ከተቀበልሽ ወደ 96 ቤት ይወጣል። 15 በመቶ ከተቀበልሽ 43 ይበቃል። በሌላ በኩል እንደ ባትሪና ብርጭቆ ያሉ አልፎ አልፎ የሚገኙ ነገሮች አሉ። ልዩነታቸው የአማካዩን አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ለዚያው 10 በመቶ ስህተት ከ860 በላይ ቤት ያስፈልጋል። ያንን ማንም ተማሪ አይችለውም። ስለዚህ የምግብ ትራፊውንና የአመዱን መጠን በእርግጠኝነት ትጽፊያለሽ፤ የባትሪውን ግን «ጥቂት ተገኝቷል» ብለሽ ታልፊያለሽ። 0.37 በመቶ ብለሽ ሁለት ነጥብ ድረስ መጻፍ ራስን ማታለል ነው።

የጉልበቱንም ነገር አስቢው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች አንድ ሰው በቀን በአማካይ 0.46 ኪሎ ያወጣል ይላል። ያ ቁጥር የሁሉም ዓይነት የከተማ ቆሻሻ ነው፣ የቤት ብቻ አይደለም። ለግምት ያህል ግን እንጠቀምበት። አራት ሰው ያለበት ቤት ወደ 1.8 ኪሎ ይመጣል። 384 ቤት ለስምንት ቀን ማለት ከ3,000 በላይ ከረጢትና ከአምስት ቶን በላይ ቆሻሻ ነው። አንቺና ሁለት ረዳቶችሽ በሦስተኛው ቀን ትሸሻላችሁ። ከሸሻችሁ ደግሞ ቀሪውን በግምት መሙላት ይመጣል። የብዙ ጥናት ቁጥር የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

መጠይቁም ኪሎ አይነግርሽም። እናት «በቀን ስንት ኪሎ ይጥላሉ?» ተብለው ሲጠየቁ ከአክብሮት የተነሳ አንድ ቁጥር ይሰጡሻል። ቆሻሻቸውን መዝነው ግን አያውቁም። ሰው ስለሚጥለው ነገር ዓይነት እንኳ ሲናገር የሚታወሰው ትልልቁና ቀላሉ ነው። ፌስታሉንና ሃይላንዱን ይጠቅሳል፤ የሽንኩርት ልጣጩን፣ የቡና አተላውንና አመዱን ይረሳል። በሚዛን ላይ ግን የሚከብደው የረሳው ነው።

መጠይቁን ግን አትጣዪው፤ ሥራውን ቀይሪለት። ሚዛን የሚያየው በበሩ የሚወጣውን ብቻ ነው። ከበሩ በፊት ብዙ ነገር ይጠፋል። ባዶ ሃይላንዱንና ጠርሙሱን የቤት ሠራተኛዋ ወይም ልጆቹ አጠራቅመው ለቆራሌው ይሸጣሉ፤ ከዚያ መርካቶ ወዳለው ምናለሽ ተራ ይሄዳል። የደረቀ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል። ፍርፋሪው ለውሻ ወይም በግ ለሚያረባ ጎረቤት ይሰጣል። አመድ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ የሚደፋባቸው ግቢዎች አሉ። ካርቶን ለእሳት ማያያዣ ይሆናል። ይሄ ሁሉ የቤቱ ቆሻሻ ነው፣ ከረጢትሽ ውስጥ ግን አይገባም። «በአራዳ ቤቶች ቆሻሻ ውስጥ ፕላስቲክ ትንሽ ነው» ብለሽ ከጻፍሽ ሰዎቹ ፕላስቲክ አይጠቀሙም ማለት አይደለም፣ ተሽጧል ማለት ነው። ስለዚህ መጠይቁ ይህን ይጠይቅ፦ ምን ትሸጣላችሁ፣ ለማን፣ ምን ታቃጥላላችሁ፣ ቆሻሻ ሰብሳቢው ማኅበር ሳይመጣ ሲቀር የት ትጥላላችሁ? የመጨረሻውን ጥያቄ በዘዴ ጠይቂው። ከግንፍሌ ወንዝ ዳር ያለ ሰው «ወንዝ ውስጥ እጥላለሁ» ብሎ አይነግርሽም፤ «የሰፈሩ ሰው የት ይጥላል?» ብትዪው ግን ይነግርሻል።

አሁን ወደ ቆሼ። ቆሼ ወዳለበት ወደ ረጲ የሚገባው መኪና የጫነው የቤት ቆሻሻ ብቻ አይደለም። የሆቴሉ፣ የገበያው፣ የቢሮው፣ የጎዳና ጠራጊዎች የሰበሰቡት አፈርና ቅጠል ጭምር ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የማኅበር ልጆች ጋሪ ላይ ሳለ መርጠውበታል፣ ገንዳው ላይም ለቃሚ አይቶታል። መንገድ ላይ ተጨምቆ ውሃው ፈሷል፣ ወይም ዝናብ ጠጥቷል። የአንዱ ወረዳ ከሌላው ጋር ተደባልቋል። ያንን ለይተሽ «የአራዳ ቤቶች ስብጥር» ልትዪው አትችዪም። ያነበብሻቸው ጽሑፎች ቁጥር የማይመሳሰለውም በአብዛኛው ከዚህ የተነሳ ነው። አንዱ በር ላይ መዘነ፣ ሌላው ገንዳ ላይ፣ ሌላው ቆሼ ላይ። አንዱ አመድን ለብቻው ቆጠረ፣ ሌላው «ልዩ ልዩ» ውስጥ ከተተው። ሁሉም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ለማወዳደር ግን አይሆኑም።

ስለ ደኅንነትም አንድ ቃል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ያለ ፈቃድና ያለ ባለሙያ ክምር ላይ መውጣት ለመመረቂያ ጽሑፍ ተብሎ የሚገባበት ነገር አይደለም።

ክምርን አራት ቦታ እየከፈሉ መቀነስ ያልሽውም ዘዴ ለሌላ ሥራ ነው። ከመኪና ላይ ቶኖች ሲራገፉ ወደ አንድ መቶ ኪሎ አካባቢ ለማውረድ ይጠቅማል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት የመኪና ናሙና ከ91 እስከ 136 ኪሎ ነው። አንቺ ከአስር ቤት በቀን የምታገኚው ግን ሃያ ኪሎ ገደማ ነው። ምን ይከፈላል? ሁሉንም ለዪው። ከሃያ ኪሎ ላይ አምስቱን ብቻ ብትወስጂ አንድ የዳይፐር ጥቅል የትኛው ሩብ ላይ እንደወደቀ ውጤትሽን ይወስነዋል።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልሽ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች አሰፋፈር ፕሮግራም፣ ማለትም ዩኤን ሀቢታት፣ ለከተሞች ያዘጋጀውን አካሄድ ያዢ። ሦስት የኑሮ ደረጃ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ሰፈር፣ በእያንዳንዱ ሰፈር አስር ቤት፤ በጠቅላላው 90 ቤት። ለስምንት ተከታታይ ቀን ይሰበሰባል፤ የመጀመሪያው ቀን ይጣላል። የመጀመሪያው ቀን የሚጣለው ቀደም ብሎ የተጠራቀመው ስለሚመጣ ነው። በዚያ ላይ ሰው «ሊመዝኑ መጡ» ሲባል ቤቱን ያጸዳል፣ ከአልጋ ሥር የነበረው ጫማ ሁሉ ይወጣል። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ይረጋጋል። ሰባቱ ቀን ቅዳሜና እሑድን ስለሚይዝ ሰዎቹ አጥበው፣ ገበያ ሄደው፣ እንግዳ ጋብዘው የሚጥሉትም ይገባል። ሰፈሮቹን መበተንሽም ግድ ነው። በአንድ ቅያስ ተደርድረው የተመረጡ ሠላሳ ቤቶች ከአንድ ሱቅ የሚገዙና አንድ ማኅበር የሚሰበስብላቸው ስለሆኑ የሠላሳ ቤት መረጃ አይሰጡሽም።

የኑሮ ደረጃን በገቢ አትለዪ። ደሞዙን በትክክል የሚነግርሽ ሰው ጥቂት ነው፤ ኪራይና ከውጭ የሚላከው ገንዘብ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። መሀል ከተማ ላይ የቤቱ ዓይነትና የሚያበስሉበት ነገር የተሻለ ይለያል። የቀበሌ ቤት፣ ኮንዶሚኒየም፣ የግል ግቢ ብለሽ ክፈዪ። ከዚያ ከሰል ወይስ ኤሌክትሪክ ብለሽ መዝግቢ። በከሰል የሚያበስል ቤት አመዱ ብቻ የስብጥሩን መልክ ይቀይረዋል። ኮንዶሚኒየም ሆኖም መብራት ሲጠፋ በረንዳ ላይ ከሰል የሚያያይዝ ሞልቷል፤ ስለዚህ በቤቱ ዓይነት ብቻ አትገምቺ።

የቤቶቹን ዝርዝር ከወረዳ መውሰድ ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን አትመኚበት። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ የነበሩ ብዙ ቤቶች ተነስተዋል፣ ነዋሪውም ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል። ሰፈሩን በእግርሽ ዞረሽ በር በር ቁጠሪ፣ ከዚያ ዕጣ አውጪ። በቀበሌ ግቢ ውስጥ ደግሞ አራትና አምስት ቤተሰብ አንድ ማዳበሪያ ሊጋራ ይችላል። ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ ኮድ ያለው ከረጢት ካልሰጠሽ የማን የማን እንደሆነ አታውቂም። በቤት ውስጥ እንጀራ ጋግሮ የሚሸጥ፣ ጠላ የሚጠምቅ፣ ልብስ የሚሰፋ ካለ ቆሻሻው የንግድ ነው። አትጣዪው፣ ለብቻው አስዪው እንጂ። የሰዉንም ብዛት በየቀኑ ጠይቂ። «ስድስት ነን» ያሉሽ ቤት ሁለቱ ሥራ ቦታ የሚበሉ፣ አንዷ ለበዓል አገር ቤት የሄደች ልትሆን ትችላለች። የነፍስ ወከፍ ቁጥርሽ ትክክለኛ የሚሆነው በአካፋዩ ልክ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳውና እኔ በጣም የምጨነቅበት ነገር ወቅት ነው። ውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች «በጋና ክረምት ለካ» ብለው ያልፋሉ። አዲስ አበባ ላይ ይሄ አይበቃም፣ እዚህ የቀን መቁጠሪያው ራሱ ስብጥሩን ይሠራዋል። በሁዳዴ የብዙ ቤት ቆሻሻ የአትክልት ልጣጭ፣ የሽሮና የምስር ነገር ነው። አጥንትና የእንቁላል ቅርፊት ይቀንሳል። ፋሲካ ሲደርስ ላባው፣ የበጉ ሆድ ዕቃና ፈርስ፣ ቄጤማው፣ ለዶሮ ወጥ የተላጠው ያ ሁሉ ሽንኩርት በሁለት ቀን ውስጥ ይወጣል። በሐምሌና በነሐሴ ቆረቆንዳና የበለስ ልጣጭ ከረጢቱን ይሞላዋል፤ በዚያ ላይ ፍልሰታ ይገባል። መሀል ከተማ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ግቢ ስለሚኖር ረመዳንም ከስሌቱ አይወጣም። ጫት የሚቃምበት ቤት ገራባው በጣም ይመዝናል፣ ያንንም በቅዳሜና በሌላው ቀን መካከል ታዪዋለሽ። ስለዚህ አንድ ሳምንት ለክተሽ በ52 ማባዛት አይቻልም። ቢያንስ ሁለት ዙር ይኑርሽ፦ አንዱ በበጋ፣ ጾምም በዓልም በሌለበት ሳምንት፤ ሁለተኛው በክረምት። አቅም ከተረፈሽ ሦስተኛውን በሁዳዴ አድርጊ። የበዓሉን ሳምንት ለማወቅ ከፈለግሽ ለብቻው ለኪው፣ ከአማካዩ ጋር ግን አትቀላቅዪው። ጊዜሽ ለአንድ ዙር ብቻ ከሆነ በርዕሱ ላይ ወሩን ጻፊና አመታዊ ቁጥር አትስጪ።

መለየቱ ራሱ በዚያው ቀን ይጠናቀቅ። ቆሻሻው ባደረ ቁጥር ውሃው ይተናል ወይም ከምግቡ ወደ ወረቀቱ ይሻገራል። መጀመሪያ ከረጢቱን እንዳለ መዝኚ፣ ከዚያ ሸራ ላይ ዘርግፊ። ከአስር እስከ አስራ ሁለት ክፍል ይበቃል፦ የምግብ ትራፊና ልጣጭ፣ ቄጤማና ቅጠል፣ ወረቀትና ካርቶን፣ ስስ ፕላስቲክ፣ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ብረት፣ ጠርሙስ፣ ጨርቅና ጫማ፣ ዳይፐርና ሞዴስ፣ እንደ ባትሪና መድኃኒት ያሉ አደገኛ ነገሮች፣ ሌላ። የቀረውን ቀዳዳው 10 ሚሊ ሜትር በሆነ ወንፊት ንፊው፤ የሚወርደው አመድ፣ አፈርና የቤት ጥራጊ ለብቻው ይመዘናል። የክፍሎቹ ድምር ከመጀመሪያው ክብደት ብዙ ካነሰ የሆነ ነገር ተረስቷል ወይም ፈሷል፤ ያን ቀን ደግመሽ እዪው።

ስስ ፕላስቲክ ላይ ተጠንቀቂ። ፌስታል ባዶውን ምንም አይመዝንም፤ ከቆሻሻ ውስጥ ሲወጣ ግን ወጥና ውሃ ተሸክሞ ነው። እንዳለ ከመዘንሽው የፕላስቲኩ ድርሻ ያለ አግባብ ያብጣል። ጥቂቱን ለናሙና አጥበሽ፣ አድርቀሽ መዝኚና ልዩነቱን ጻፊ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ፌስታልን ስለከለከለ ይህ ቁጥር አሁን ብዙ ሰው ይፈልገዋል፤ በስህተት ከሰጠሽው ይዞት የሚዞረው ብዙ ነው።

ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት የወረዳውን ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን ቆሻሻውን የሚሰበስቡትን የማኅበር ልጆች ፈቃድ ያዢ። ካልነገርሻቸው ከረጢትሽን ጠዋት በጋሪያቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ከነገርሻቸው ደግሞ አንድ ነገር አትርሺ፦ ሃይላንዱንና ብረቱን ሸጠው የሚያገኙት ገቢ አለ። ለይተሽ ስትጨርሺ መልሺላቸው፣ ወይም ዋጋውን ክፈያቸው። ለመለየቱም እነሱን ብትቀጥሪ ከክፍል ጓደኞችሽ የተሻሉ ናቸው፤ ዓይናቸው ለምዷል። ወፍራም ጓንት፣ ማስክና ቦት ጫማ ለሁሉም ግዢ። የቴታነስና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያልወሰደ ሰው እጁን አያስገባ። ቤቱ ውስጥ የስኳር ታማሚ ካለ ከረጢቱ ውስጥ መርፌ ይኖራል። ቆሻሻ የሰው ገመና ነው፤ የመድኃኒት ካርቶንና ደብዳቤ ታገኛለሽ። ስም አይመዘገብ፣ ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ኮዱ ይሸፈን።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ ኮምፖስት ወይስ ማቃጠል። በስብጥር ብቻ ይሄን መወሰን አትችዪም። በዚያው የዓለም ባንክ ሪፖርት መሠረት ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከቆሻሻው 56 በመቶው ምግብና አረንጓዴ ነገር ነው፤ በሀብታሞቹ 32 በመቶ። ይህ ማለት የእኛ ቆሻሻ እርጥብና ከባድ ነው። ቆሻሻን በምድጃ ለማቃጠል የዓለም ባንክ የቆየ መመሪያ የሚያስቀምጠው ልክ አለ፦ የሙቀት ይዘቱ በዓመት አማካይ በኪሎ ከ7 ሜጋጁል በታች መሆን የለበትም፤ በየትኛውም ወቅት ደግሞ ከ6 መውረድ የለበትም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ታስቦ ነው የተሠራው። እንዲህ ያለ ተቋም የሚፈትነው ፋሲካ ሳይሆን የነሐሴ ከረጢት ነው። ስለ ማቃጠል አንድ መስመር ለመጻፍ ቢያንስ የእርጥበት መጠን ያስፈልግሻል። ናሙናውን በ105 ዲግሪ ምድጃ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ 24 ሰዓት፣ አድርቂው። የሙቀት ይዘቱን በቤተ ሙከራ ማስለካት ከቻልሽም ይሻላል፤ ካልቻልሽ ስለ ማቃጠል ዝም በዪ።

ኮምፖስትም ቢሆን «60 በመቶው የሚበሰብስ ነው» ስለተባለ ብቻ አይሆንም። የተደባለቀ ቆሻሻ ውስጥ የነበረ ልጣጭ የጠርሙስ ስባሪና የባትሪ ጭማቂ ይዞ ይመጣል፤ ገበሬ አይገዛውም። ያንቺ መረጃ በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችለው አንድ ነገር ነው፦ ከአንድ የቀበሌ ቤትና ከአንድ ኮንዶሚኒየም በሳምንት ስንት ኪሎ እርጥብ፣ ስንት ኪሎ ደረቅ፣ ስንት ኪሎ አመድ ይወጣል? ይህ ካለሽ ማኅበሩ እርጥቡን በሳምንት ስንት ቀን ማንሳት እንዳለበትና ስንት ጋሪ እንደሚያስፈልገው ማስላት ይቻላል። ምክረ ሐሳብሽን እዚያ ላይ አቁሚው።

«ለነዋሪው ግንዛቤ መፍጠር» የምትለዋን ግን እባክሽ ተያት። ቤተሰብ የሚጠቅመውን ቆሻሻ ለይቶ እንዲያወጣ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ካዘዘ ብዙ ዓመት አልፏል። ችግሩ አለማወቅ ብቻ ቢሆን እስካሁን ይፈታ ነበር። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሁለተኛ ማዳበሪያ የት ይቀመጣል? የቤቱ እመቤት ለይታ ያስቀመጠችውን ሰብሳቢዎቹ ጋሪው ላይ መልሰው ሲቀላቅሉባትስ በሚቀጥለው ሳምንት ለምን ትለያለች? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መጠይቅሽ ላይ ጨምሪያቸው። ርዕሱንም «በአዲስ አበባ» ሳይሆን «በአራዳ ክፍለ ከተማ በተመረጡ ወረዳዎች» በዪው፤ ፈታኞችሽ መጀመሪያ የሚይዙሽ እዚያ ላይ ነው።